ያልተሸነፈውን መመከት
የአንድ አሠልጣኝ ዕቅድና የ2008ቱ ሱፐር ቦል

አንባቢ ሆይ፤ ትምህርት ቤት ሳለህ በየዓመቱ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ሳታውቅ አትቀርም። ፈተናው ቢከብድም ቢቀልም፣ መምህሩ ቢለወጥም ባይለወጥም፣ ስሙ ከዝርዝሩ ራስ አይወርድም። የቀረው ተማሪ ሁሉ የሚፎካከረው ለሁለተኝነት ነው። እንግዲህ አንድ ቀን «ከዚህ ልጅ ጋር ሕዝብ በተሰበሰበበት ፊት ለፊት ትወዳደራለህ» ቢሉህ፣ ሌሊቱን በምን አሳብ ታሳልፈው ነበር? እንዳትዋረድ ብቻ ትጸልይ ነበርን? ወይስ ወረቀትና እርሳስ አንሥተህ «ይህ ሰው የሚበረታው በምንድን ነው?» ብለህ ትጽፍ ነበር?

ዛሬ የማጫውትህ ሁለተኛውን መንገድ ስለ መረጠ ሰው ነው። ስሙ ስቲቭ ስፓግኑሎ ይባላል። በአሜሪካን አገር የኒው ዮርክ ጃያንትስ የተባለው ቡድን የመከላከያ አሠልጣኝ ነበር። በጥር 25 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፌብሩዋሪ 3 ቀን 2008፣ ሰዎቹን 18 ጊዜ ተጫውቶ 18 ጊዜ ካሸነፈ ቡድን ፊት አሰለፈ። ከዚህ በታች የምታገኛቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስለ ጨዋታው ጥቂት ቃል

አሜሪካኖች «እግር ኳስ» የሚሉት እኛ የምናውቀው አይደለም። ኳሱ እንደ እንቁላል ሞላላ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ይያዛል፣ በእጅም ይወረወራል። በየወገኑ 11 ሰዎች ይሰለፋሉ። ኳሱን የያዘው ወገን 4 ሙከራ ተፈቅዶለት ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለት 9 ሜትር ያህል፣ ወደ ፊት መግፋት አለበት። ከገፋ ሌላ 4 ሙከራ ያገኛል፤ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። እስከ መጨረሻው መሥመር ዘልቆ ከገባ ታችዳውን ይባላል፤ 6 ነጥብ ያገኝበታል፤ ቀጥሎም ኳሱን በእግሩ መትቶ በሁለቱ ምሰሶዎች መካከል ሲያሳልፍ 1 ነጥብ ይጨመርለታል። መዝለቅ ያቃተው ደግሞ ከሩቅ መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ቢያሳልፍ 3 ነጥብ ያገኛል። የሚያጠቁትና የሚከላከሉት የአንድ ቡድን ሰዎች ቢሆኑም የተለያዩ ናቸው፤ አንዱ ክፍል ሜዳ ሲገባ ሌላው ዳር ወጥቶ ይቀመጣል። ይህን ነገር አትርሳው፤ ኋላ ያስፈልገናል።

የአጥቂው ክፍል አእምሮ ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ነው። ኳሱ በየሙከራው መጀመሪያ ወደ እርሱ እጅ ይገባል። እርሱም ለሯጭ ይሰጣል፣ ወይም ሜዳው ላይ ከተበተኑት ተቀባዮች ለአንዱ ይወረውራል። ከፊቱ አምስት ጋሻ ጃግሬዎች ይቆሙለታል፤ አብዛኛዎቹም ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝኑ ግዙፋን ናቸው። የእነርሱ ሥራ ለጌታቸው ሦስት ሴኮንድ ያህል ጊዜ መግዛት ነው። ሦስት ሴኮንድ ለአንተና ለእኔ ምንም አይደለም። ለታላቅ ኳርተርባክ ግን ሜዳውን ሁሉ አንብቦ የሚጨርስበት ጊዜ ነው።

ባላጋራው ማን ነበር?

የኒው ኢንግላንድ ፓትሪዮትስ ቡድን በ2007 ባደረጋቸው 16 መደበኛ ግጥሚያዎች 589 ነጥብ አገባ፤ ይህም በጊዜው በማኅበሩ ታሪክ ታይቶ የማይታወቅ ነበር። ኳርተርባኩ ቶም ብሬዲ 50 የታችዳውን ኳሶችን ወረወረ፤ ባላጋራ የነጠቀው 8 ኳስ ብቻ ነው። ከእነዚያ ከ50ዎቹ 23ቱን የያዘው ራንዲ ሞስ የተባለው ረጅምና ፈጣን ተቀባይ ነበር። ዌስ ዌልከር የተባለው አጭሩና ቀልጣፋው ደግሞ 112 ኳስ ያዘ። ከጋሻ ጃግሬዎቹ ከአምስቱ ሦስቱ በዚያ ዓመት ለአገሪቱ ምርጥ ተጫዋቾች ግጥሚያ ተመርጠዋል፤ በ16ቱም ግጥሚያ ብሬዲ ኳሱን ሳይወርውር መሬት የተጣለው 21 ጊዜ ብቻ ነው።

ጃያንትስ ግን 10 ጊዜ አሸንፎ 6 ጊዜ የተሸነፈ፣ ወደ ማጣሪያው በጓሮ በር የገባ ቡድን ነበር። ስፓግኑሎም ለዚያ ሹመት አዲስ ነው። ከዚያ በፊት በፊላደልፊያ ቡድን ስምንት ዓመት በረዳትነት ሲሠራ፣ ጂም ጆንሰን ከተባለው የመከላከያ ሊቅ ሥር ተምሯል። በፌብሩዋሪ 2005 ፊላደልፊያ በሱፐር ቦል በዚሁ በብሬዲ ቡድን 24 ለ 21 ሲሸነፍም እዚያው ነበር። በጃያንትስ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ግጥሚያዎች የእርሱ ተከላካዮች 45 እና 35፣ በጠቅላላው 80 ነጥብ ገባባቸው። አዲስ ሹም ሆኖ በመጀመሪያው ወር ሥራው የተበላሸበት ሰው የሚሰማውን፣ አንተም በመሥሪያ ቤትህ አይተኸው ይሆናል። ስፓግኑሎ ግን ዕቅዱን ጥሎ አልሸሸም፤ ሰዎቹም አልሸሹትም። ዓመቱ ሲያልቅ ጃያንትስ የባላጋራን ኳርተርባክ 53 ጊዜ በመጣል ከማኅበሩ ቡድኖች ሁሉ አንደኛ ሆነ።

ሽንፈት ያስተማረው

እነዚህ ሁለት ቡድኖች ከሱፐር ቦሉ አምስት ሳምንት በፊት፣ በዴሴምበር 29 ቀን 2007፣ አንድ ጊዜ ተገናኝተው ነበር። ለጃያንትስ ግጥሚያው ምንም የሚለውጠው ነገር አልነበረም፤ ቢያሸንፍም ቢሸነፍም ቦታው ያው ነው። ብዙ አሠልጣኝ እንዲህ ባለው ቀን ዋና ዋናዎቹን ተጫዋቾች ያሳርፋል። የጃያንትስ ዋና አሠልጣኝ ቶም ኮፍሊን ግን ሙሉ ሰልፉን ይዞ ገባ።

ጃያንትስ በሦስተኛው ሩብ 28 ለ 16 እስከ መምራት ደርሶ ነበር። ኋላ ግን ብሬዲ ሞስን አነጣጥሮ አንድ ረጅም ኳስ ወረወረ፤ ሞስም ሳይዘው ቀረ። ተከላካዮቹ ትንፋሽ ሳይመልሱ ብሬዲ ያንኑ ኳስ ደግሞ ወረወረው። በዚህ ጊዜ ሞስ ከሁሉም ኋላ አልፎ ያዘውና 65 ያርድ ሄዶ አገባ። የብሬዲ 50ኛው፣ የሞስም 23ኛው ታችዳውን ይኸው ነበር። ግጥሚያው 38 ለ 35 በፓትሪዮትስ አሸናፊነት አለቀ። በዚያ ምሽት ብሬዲ 42 ጊዜ ወርውሮ 32ቱን ለጓደኞቹ አድርሷል፤ መሬት የተጣለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚህ ሽንፈት ሁለት ዓይነት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው «ይህን ያህል ተግተን ካላሸነፍናቸው መቼም አናሸንፋቸውም» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «በሦስት ነጥብ ብቻ ተበለጥን፤ ለመሆኑ ሦስቱ ነጥብ በየት በር ወጣ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ስፓግኑሎ ሁለተኛውን ያዘ። መልሱም ከዚያ ከ65 ያርድ ኳስ ላይ ተጽፎ ነበር፤ ብሬዲ ጊዜ አግኝቷል፣ ሞስም ከበላዩ ጠባቂ አላገኘም።

ዕቅዱ

አሁን ራስህን በስፓግኑሎ ወንበር አስቀምጥ። ባላጋራህ በሩቅም በቅርብም ይወረውራል። ሁሉን ልጠብቅ ካልህ አንዱንም አትጠብቅም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው «ምኑን ልስጠው?» የሚለው ነው።

ጃያንትስ የሰጠው አጭሩን ኳስ ነው። ዌልከር በአምስትና በስድስት ያርድ ላይ ይያዝ፤ ነገር ግን በያዘበት ይውደቅ፣ አንድ እርምጃም አይጨምር። አጭር ኳስ ያደማል እንጂ አይገድልም። ባላጋራው በአጭር በአጭሩ ሜዳውን ሁሉ ለመጨረስ አሥር አሥራ ሁለት ሙከራ ያስፈልገዋል፤ ሙከራው ሲበዛ ደግሞ መሳሳቻውም ይበዛል። ለሞስ ግን ከቶ አይሰጥም። ሲነሣ በእጅ ገፍቶ እርምጃውን የሚያሰናክል ሰው ከፊቱ ይቆማል፤ ቢያመልጥ ደግሞ ከኋላ የሚጠብቀው ሌላ ሰው አለ።

ይህ ሁሉ ግን ብሬዲ ጊዜ ካገኘ ከንቱ ነው። ጠባቂ የቱንም ያህል ቢተጋ አምስት ሴኮንድ ሙሉ ተቀባይን ሊከተል አይችልም። እንግዲህ የዕቅዱ ልብ እዚህ ላይ ነው። ኳርተርባክን ለማስቸኰል የሚታወቀው ዘዴ ስድስት ወይም ሰባት ሰው በአንድ ጊዜ ወደ እርሱ መላክ ነው፤ ብሊትዝ ይሉታል። ስፓግኑሎም በጆንሰን ቤት የተማረው ይህንኑ ነበር። ዳሩ ግን ሰባት ሰው ከላክህ ኋላ የሚቀሩት አራት ናቸው፤ ብሬዲን የመሰለ ሰው ደግሞ ሳይጠበቅ የቀረውን ተቀባይ ባንድ ዐይን ጥቅሻ ያገኘዋል። ስለዚህ ብሊትዙ አልፎ አልፎ እንደ ጨው ብቻ እንዲነሰነስ፣ ዋናውን ሥራ ግን አራት ሰዎች እንዲፈጽሙት፣ ሰባቱም ለመጠበቅ እንዲቀሩ ተወሰነ።

አራት ሰው አምስት ጋሻ ጃግሬዎችን እንዴት ያልፋል? እዚህ ላይ ስፓግኑሎ የሰዎቹን ቦታ አዛወረ። ጃያንትስ ከዳር ተነሥተው የሚሮጡ ፈጣን ተከላካዮች ነበሩት። አንደኛው ማይክል ስትሬሃን ነው፤ 15 ዓመት የተጫወተ አዛውንት። ሁለተኛው ኦሲ ኡሜንዮራ ነው፤ ወላጆቹ ናይጄሪያውያን ሲሆኑ በለንደን ተወለደ፣ ከልጅነቱም ከፊሉን በናይጄሪያ አሳለፈ። ሦስተኛው ወጣቱ ጀስቲን ታክ ነው። ባላጋራው መወርወሩ በተጠረጠረ ጊዜ ሁሉ ታክ ከዳር ወደ መካከል ይገባና፣ ክብደትን ለመግፋት እንጂ ፍጥነትን ለመከተል ካልለመደ ጋሻ ጃግሬ ፊት ይቆማል።

መካከሉ የተመረጠበትም ምክንያት አለው። አደጋ ከዳርና ከዳር ሲመጣ ኳርተርባክ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመዳል፤ ሯጮቹም በኋላው ያልፋሉ። ብሬዲ እግሩ ፈጣን ባይሆንም በዚያች በአንዲት እርምጃ ከብዙ አደጋ ያመልጥ ነበር። ከፊት ለፊቱ ሰው ከመጣበት ግን የሚራመድበት ስፍራ የለውም።

በዚህም ላይ ማታለል ተጨመረ። አንድ ጊዜ ሰባቱ ሁሉ የሚመጡ መስለው መሥመሩ ላይ ይቆሙና፣ ኳሱ ሲነሣ ሦስቱ ወደ ኋላ ይሸሻሉ። ሌላ ጊዜ ምንም የማያስብ መስሎ ከኋላ የቆመው ሰው ድንገት ይገሠግሣል። ብሬዲ ከኳሱ በፊት ያነበበው፣ ከኳሱ በኋላ ሌላ ሆኖ ይገኛል። የተሳሳተውን ለማረም የሚያስፈልገው አንዲት ሴኮንድ ናት፤ ታክ ደግሞ ያቺን ሴኮንድ ይዞ ይመጣል። «የቸኰለ አፍሶ ለቀመ» ይሉ የለ?

ቀኑ

ግጥሚያው የተደረገው በአሪዞና፣ በግሌንዴል ከተማ ሲሆን፣ በሜዳው 71,101 ተመልካች ተገኝቷል፤ በአሜሪካን አገር በቴሌቪዥን የተከታተለው ሕዝብም ከ97 ሚሊዮን በላይ ነበር። ተወራራጆች ጃያንትስ በ12 ነጥብ ያህል ይሸነፋል ብለው ገምተዋል። ከጃያንትስ ተቀባዮች አንዱ ፕላክሲኮ በረስ «23 ለ 17 እናሸንፋለን» ብሎ በመናገሩ፣ ብሬዲ ፈገግ ብሎ 17 ነጥብ ብቻ እናገባለን ወይ ሲል ጠየቀ። ያላግባብ አልጠየቀም፤ ቡድኑ በዚያ ዓመት በየግጥሚያው በአማካይ ከ36 ነጥብ በላይ ሲያገባ ነበርና።

የጃያንትስ የመጀመሪያው መከላከያ በአጥቂዎቹ እጅ ተሠራ። ኳሱን ተቀብለው በ16 ሙከራ ቀስ እያሉ ሲገፉ 9 ደቂቃ ከ59 ሴኮንድ ፈጁ፤ በሱፐር ቦል ታሪክ ይህን ያህል የረዘመ ጒዞ አልነበረም። ያገኙት 3 ነጥብ ብቻ ቢሆንም፣ ያን ሁሉ ጊዜ ብሬዲ ዳር ላይ ቁጭ ብሎ ውሏል። ኳርተርባክ ወንበር ላይ ሆኖ አይወረውርም።

ፓትሪዮትስ በመጀመሪያው ተራው አግብቶ 7 ለ 3 መራ። ከዚያ በኋላ ግን ማሽኑ ይንተፋተፍ ጀመር። በሁለተኛው ሩብ ካዊካ ሚቼል ከኋላ ገሥግሦ ብሬዲን ጣለው፤ በሚቀጥለው ሙከራ ታክ ደግሞ ጣለው። ዕረፍት ሊሆን ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ ታክ ዳግመኛ ደርሶ ኳሱን ከእጁ አስጣለ፤ ኡሜንዮራ አነሣው። በሦስተኛው ሩብ ስትሬሃን ብሬዲን ስድስት ያርድ ወደ ኋላ ጣለውና፣ የፓትሪዮትስ አሠልጣኝ ቢል ቤሊቺክ ከጭንቅ ምርጫ ላይ ወደቀ፦ በ4ኛው ሙከራ 49 ያርድ ያህል ርቀት በእግር ያስመታ ወይስ 13 ያርድ ለመግፋት ይሞክር? መሞከርን መረጠ፤ አልሆነለትም። ግጥሚያው በመጨረሻ በ3 ነጥብ ልዩነት ማለቁን ስታውቅ፣ ያቺ የስትሬሃን ስድስት ያርድ ምን ያህል እንደ ከበደች ትመዝናታለህ።

ዕቅድ ግን አስማት አይደለም። በአራተኛው ሩብ ጃያንትስ አግብቶ 10 ለ 7 ሲመራ፣ ብሬዲ ታላቅነቱን አሳየ። የተሰጠውን አጭር ኳስ ሁሉ እየተቀበለ፣ ሳይቸኵል፣ 80 ያርድ ተጓዘ። ሊጠናቀቅ 2 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ ሲቀረው ኳሱን ለሞስ ወረወረ። ሞስን ይጠብቅ የነበረው ኮሪ ዌብስተር እግሩ አዳልጦት ወደቀ፤ ሞስም ብቻውን ቆሞ ያዘው። 14 ለ 10 ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ማንም አላቀደውም። የጃያንትስ ኳርተርባክ ኢላይ ማኒንግ በባላጋራ እጅ ከተጨመደደበት ተፈልቅቆ ወረወረ፤ ዴቪድ ታይሪም ኳሱን ከራስ መከላከያ ቆቡ ጋር ጨብጦ 32 ያርድ አስገኘ። ሊያልቅ 35 ሴኮንድ ሲቀር ያ «23 ለ 17» ያለው በረስ ኳሱን ይዞ አገባ፤ 17 ለ 14 ሆነ።

የቀሩትን ሴኮንዶች የሚጠብቁት ተከላካዮቹ ናቸው። ፓትሪዮትስ የሚያስፈልገው 3 ነጥብ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ጄይ አልፎርድ የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች በመካከል ሰንጥቆ ገብቶ ብሬዲን 10 ያርድ ወደ ኋላ ጣለው። በሦስተኛው ብሬዲ እጅግ ረጅም ኳስ ወደ ሞስ ላከ፤ ሞስ ሊይዘው ሲል አንድ እጅ ደርሶ ነካበት። የማን እጅ መሰለህ? ቅድም አዳልጦት የወደቀው የዌብስተር ነበር። አራተኛውም ኳስ ወደ ሞስ ሄደ፤ አልተያዘም። 18 ጊዜ ያሸነፈው ቡድን በ19ኛው ተሸነፈ።

ቁጥሩ የሚለው

ብሬዲ በዚያ ቀን 48 ጊዜ ወርውሮ 29ኙን ለጓደኞቹ አድርሷል፤ ዌልከር ብቻውን 11 ኳስ ይዟል። ይህን ብቻ ያየ ሰው ዕቅዱ የሠራ አይመስለውም። ዳሩ ግን በዓመቱ ሁሉ ብሬዲ በአንድ ውርወራ በአማካይ 8.3 ያርድ ያገኝ የነበረው በዚያ ቀን 5.5 ብቻ ሆነ። በ16 ግጥሚያ 21 ጊዜ የወደቀውም ሰው በአንድ ግጥሚያ 5 ጊዜ ወደቀ። 36 ነጥብ የለመደው ቡድን 14 ይዞ ቀረ። አጭሩ ተሰጠ፤ ረጅሙ ተከለከለ፤ ጊዜው ተነጠቀ።

አንባቢ ሆይ፤ የታይሪ ኳስ ባትያዝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነብም ነበር፤ የስፓግኑሎም ዕቅድ በተሸናፊ ቡድን መዝገብ ተጽፎ ይቀር ነበር። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ፓትሪዮትስ እንደ ልማዱ 36 ነጥብ አግብቶ ቢሆን ኖሮ የታይሪ ኳስ ምን ትጠቅም ነበር? ዕቅድ ድልን አይሰጥም፤ ዕድል ስትመጣ የምትጠቅምበት ስፍራ ላይ ያደርስሃል እንጂ። ስፓግኑሎም ቢሆን ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ አልቀናውም። በ2009 በሴንት ሉዊስ ዋና አሠልጣኝ ሆኖ ተሾመ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ 48 ጊዜ ተጫውቶ ያሸነፈው 10 ብቻ ነበር። ኋላ ወደ ሚያውቀው ወደ መከላከያው ሥራ ተመልሶ፣ በካንሳስ ሲቲ ቡድን ዳግመኛ የሱፐር ቦል አሸናፊ ሆነ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ስንሰማ የምናስበው የድሩን ብዛት ነው። ግሌንዴል ላይ ግን ድሩ ብዙ አልነበረም፤ አራት ክር ነበር። የሚታሰርበት ቦታ ግን ተመርጦ ነበር። እንግዲህ ነገ በፈተና ወረቀት፣ በሹመት ውድድር ወይም በአለቃህ ጠረጴዛ ፊት ከአንተ የሚበልጥ ነገር ሲገጥምህ፣ ያቺን ወረቀትና እርሳስ አንሣ። በመጀመሪያው መሥመር «የሚበረታው በምንድን ነው?» ብለህ ጻፍ። በሁለተኛው ደግሞ «ምኑን ልተውለት?» በል። ብዙ ሰው የሚረሳው ይህን ሁለተኛውን ነው።